ለድሬ ሙቀት የሱፍ ሻርፕ

ይህ ደብዳቤ የደረሰን ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥረነዋል።

«ዕድሜዬ 32 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ከሥራ መልስ ሹራብና ዳንቴል መሥራት እወዳለሁ። ባለፈው ገና ለቤተሰብና ለጓደኞቼ አሥራ አንድ ስጦታ በእጄ ሠርቼ ሰጠሁ። ገንደ ቆሬ ለምትኖረው አክስቴ የሠራሁላትን የሱፍ ሻርፕ በቀደም ቤቷ ስሄድ ጀበና ሥር ታጥፎ አገኘሁት። ሐረር ያለችው የባለቤቴ እህት ልጅ ስትወልድ የሰጠኋትን ሹራብ ለጎረቤት ልጅ ሰጥታዋለች። መሥሪያ ቤት ደግሞ ለአንዲት ባልደረባዬ ኮፍያ ስለሠራሁላት ሌሎቹ ‹ለእኔስ?› እያሉ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል፤ አንዷ ቀለም ሁሉ መርጣ ልካልኛለች። ባለቤቴ ‹በክሩ ዋጋ ገዝተሽ ብትሰጪ ይሻልሽ ነበር› ይላል። ለቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ አራት እንግዶች ይመጡብኛል፤ ለእነሱም ልሠራ አስቤ ነበር፣ አሁን ግን እጄ ዛለ። ልተወው ወይስ መሸጥ ልጀምር? የ9 ዓመት ልጄም አስተምሪኝ እያለ ነው፤ አማቴ ግን ‹ወንድ ልጅ ሆኖ!› እያሉ ይቆጣሉ። ክሩ ያለቀባት ነኝ።»

እህቴ ክሩ ያለቀባት፤

የድሬ ሰው «እርስዎ» ሲባል ከኋላው ማን እንደ ቆመ ዞር ብሎ ያያልና «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ለመተውም ለመሸጥም አትቸኩዪ። ሙሉው ደብዳቤሽ ስለ ክሩ ቀለም፣ ስለ ንድፉና ስለ ፈጀብሽ ምሽት ብዙ ይናገራል። ስለ አክስትሽ ግን ከጀበናው በቀር አንድም ነገር የለበትም። ምን ትወዳለች? ስትወጣ ምን ትለብሳለች? ማታ ይበርዳታል ወይስ በር ከፍታ ነው የምታድረው? ችግርሽ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

አክስትሽ አልበደለችሽም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ 35 ዲግሪ የሚደርስ ከተማ ናት። ገንደ ቆሬ ለምትውል ሴት የሱፍ ሻርፕ መስጠት ለዓሣ ጃንጥላ መስጠት ነው። ሴትዮዋ ግን አልጣለችውም፤ ሳጥን ውስጥም አልቀበረችውም። በየቀኑ በምትነካውና እንግዳ ሁሉ በሚያየው ዕቃ ሥር አስቀመጠችው፤ በዚያ ቤት ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚፈለገውም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሱፍ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሙቀት ይይዛል፣ ትኩስ ነገር ቢያርፍበትም አይቀልጥም። ክሩ አክሬሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቢሆን ኖሮ ከጀበናው መቀመጫ ጋር ተጣብቆ ልታገኚው ትችዪ ነበር። ከሁለታችሁ የክሩን ጠባይ ያወቀችው እሷ ሆናለች።

በእጅ የሚሠራ ስጦታ ክር ከመግዛት አይጀመርም። ሰውየው የሚኖርበትን አየር፣ የሚለብሰውን፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብለት ሳታውቂ ንድፍ ከመረጥሽ የምትሠሪው ለራስሽ ነው። ለራስ መሥራት ነውር የለበትም። ነውሩ የራስን ደስታ ለሌላ ሰጥቶ ምስጋና መቁጠር ላይ ነው።

አንቺ ደግሞ ለዚህ ሥራ የታደለ ቦታ ላይ ነው ያለሽው። ከድሬ ተነስተሽ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጪ የመኪናው መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል። ሐረማያ ስትደርሺ ጋቢ የለበሰ ሰው ታያለሽ፤ ሐረር ራሷ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ በሙሉ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሱፉን ለደጋው፣ ጥጡን ለቆላው አድርጊ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የዘመድ ልጅ ካለሽ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ይነግርሻል፤ ወፍራም ሹራብሽን ለእሱ ሥሪለት፣ አውልቆ ሲያጥበው እንኳ ቅር ይለዋል።

ለድሬ ሰው ጥጥ ስትሠሪ ግን ጠባዩን እወቂ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ በየሳምንቱ ቢታጠብ አይማረርም። ነገር ግን እንደ ሱፍ ተለጥጦ አይመለስም፣ ይከብዳል፣ እርጥቡን ከሰቀልሽው በራሱ ክብደት ይረዝማል። የጥጥ ሹራብ ገመድ ላይ ያሰጣች ሴት ማታ ቀሚስ ታወርዳለች። በዚህ ምክንያት ጥጥን ጠፍጣፋ ለሆነ ነገር ማዋል ይሻላል፤ ለረከቦት ልብስ፣ ለትራስ ልብስ፣ ቀፊራ ገበያ ለሽንኩርትና ለማንጎ የሚያዝ መረብ ቦርሳ። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ ደግሞ ለአባወራው ለዒድ በነጭ የጥጥ ክርና በ1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ የተሠራ ኮፊያ ስጪው። ክፍት ክፍት ሆኖ ሲሠራ አየር ያስገባል፣ አርብ አርብ ይለብሰዋል፣ ሚስቱ በየጊዜው ታጥበዋለች። ለዚህ የራሱን ዙሪያ በትክክል ማወቅ አለብሽ፤ ጥጡ ተለጥጦ አያድንሽም። ልጁ የአባቱን አሮጌ ኮፊያ ለአንድ ምሽት በድብቅ ቢያመጣልሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ሐረር፣ ወደ ባልሽ እህት። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሲወለድ የራሱ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረ ልጅ በስድስት ወሩ 43፣ ዓመት ሲሞላው 46 ገደማ ይደርሳል። ሹራብሽ ግን አላደገም። ለአራስ በአራስ ልክ የሠራሽው ልብስ ቢበዛ ሁለት ወር ለብሶታል፣ ከዚያ እናቱ አጥባ ለሚሆነው ልጅ ሰጠች። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሐረሪ ቤት ገብተሽ ከሆነ ሴቶች በእጃቸው የሰፉት የስፌት ሥራ ግድግዳውን ሞልቶት አይተሻል፤ እዚያ የእጅ ሥራ ክብሩ ተሰቅሎ መታየቱ ነው። የሕፃን ሹራብ ግን ግድግዳ አይወጣም። በሦስት ልጆች ላይ ዞሮ ክርኑ ቢሳሳ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ሌላ ጊዜ ለአራስ ስትሠሪ የዓመት ልጅ በሚለብሰው ልክ ሥሪ፤ መጀመሪያ እጅጌው ይታጠፍለታል፣ ኋላ ይደርስበታል። ለወንድ ልጅ የ40፣ ለሴት ልጅ የ80 ቀን ክርስትና ላይ የምትሰጪው ከሆነ ጨርሶ አትቸኩዪ። ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ለሕፃን ልብስ ቁልፍ አትስፊ፣ ማሰሪያ ገመድ አታንጠልጥዪ፣ ቀዳዳ የበዛበት ጥልፍልፍም ተዪ። ቁልፍ ይዋጣል፣ ገመድ አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ ቀጭን የጣት ጫፍ በክር ከታሰረ ደም ማለፉ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የውለታው ነገር ነው። እኛ አገር ስጦታ ሂሳብ አለው። ሠርግ ቤት ደብተር ይዞ የሚቀመጠውን ሰው አስቢው፤ ማን ምን አመጣ ተብሎ ይጻፋል፣ ተራው ሲደርስ በዚያው ልክ ይመለሳል። ብድር በምድር የሚባለው በከንቱ አይደለም፣ ብዙ ቤት የቆመው በዚህ ነው። አንቺ ግን በእጅሽ የሠራሽውን ይዘሽ ስትገቢ ደብተር ያዡ ምን ብሎ ይጻፈው? ክሩ የጥቂት መቶ ብር ነው፣ ድካሙ የወር። ተቀባይዋ በክሩ ዋጋ ብትመልስ ያነሰ ይመስላታል፤ በድካሙ እንዳትመልስ ሹራብ መሥራት አትችልም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገሩን ማቅለል ነው፤ «አይ፣ ጊዜ ስላላት ነው» ይላል፣ ወይም ጥግ ላይ ያኖረውና ሳያየው ይውላል። ንቀት መስሎ ታየሽ፤ እኔ ግን ጭንቀት አድርጌ ነው የማነበው። ስለዚህ ስትሰጪ ስንት ምሽት እንደፈጀብሽ አትናገሪ። «ዓይኔን አጠፋሁበት» የምትል ሰጪ ብድር እያስፈረመች ነው። ይልቅ «ክር ተርፎኝ ነው፣ ካልሆነሽ ለሚሆነው ስጪው» በዪ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ልብሱን እንጂ ዕዳውን አይለብስም። እንዲህ ማለት የማይጥምሽ ከሆነ አትስጪ፣ በቃ። አሥራ አንድ ሰው ብዙ ነው። አራት ይበቃሻል፤ ለተቀሩት ከገበያ ገዝተሽ ብትሰጪ ማንም አይቀየምም፣ እንዲያውም አንዳንዱ ደስ ይለዋል።

መሥሪያ ቤት «ለእኔስ?» ለምትለዋ የሚሆን መልስ አለኝ፤ «ክሩን ግዢና በምሳ ሰዓት ነይ፣ አስተምርሻለሁ» በያት። ግማሾቹ ወሬውን ያቆማሉ። የምትመጣ ከተገኘች ጓደኛ አገኘሽ። ቀለም መርጣ የላከችዋ ደግሞ ቀለሙ የሚያምር ከሆነ አመስግኛትና ለራስሽ ሥሪበት።

መሸጥን በተመለከተ ቁጭ ብለሽ አስዪ። አንድ የትልቅ ሰው ሹራብ 40 ሰዓት ቢፈጅብሽና ለሰዓትሽ 50 ብር ብቻ ብትቆርጪለት፣ ክሩን ሳይጨምር 2,000 ብር ነው። ገዢሽ ይህን ከሰልባጅ ተራ ዋጋ ጋር ያወዳድረውና ይስቃል። አንቺ ደግሞ ተናድደሽ በግማሽ ትሸጫለሽ፣ ከዚያ ማታ ማታ የሚያሳርፍሽ ነገር የሰው ቀጠሮ ይሆናል። ለሽያጭ ከሆነ ሹራብ ትተሽ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ያዢ፤ የፔርሙዝ ልብስ፣ የረከቦት ልብስ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ደመወዝ ያለሽ ሰው ነሽ፣ ይህኛውን ሳይሸጥ ተዪው።

የባለቤትሽ ነገር አጭር ነው፤ ስለ ክሩ ዋጋ እውነቱን ነው። ወጪውን መቀነስ ግን ይቻላል፣ መንገዱም ያው ሰልባጅ ተራ ነው። ጥሩ የሱፍ ሹራብ አሮጌ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ ያስጠላል ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። ገዝተሽ ፍቺው! ከመግዛትሽ በፊት ግን ገልብጠሽ የጎኑን ስፌት እዪ። ጠርዙ በኦቨርሎክ መኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ አስቀምጪው፤ ጨርቁ ተቆርጦ ስለተሰፋ ስትፈቺው በየረድፉ የሚያልቅ ቁርጥራጭ ክር ብቻ ይወጣሻል። እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ተሠርቶ ጠርዝ ለጠርዝ የተያያዘ ከሆነ ግን የስፌቱን ክር በጥሰሽ ከላይ፣ ከአንገቱ በኩል ስትጎትቺው ሳይቋረጥ ይመጣል። በወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልዪው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ባለ ውኃ አጥበሽ ሥሩ ላይ ትንሽ ክብደት አንጠልጥለሽ አስጪው። የተጨማደደው ክር ቀጥ ይላል። የተኮማተረና እንደ ብርድ ልብስ ጨርቅ የጠጠረ ሱፍ ግን አትንኪ፤ አንድ ጊዜ በፈላ ውኃ ተፈትጎ ተጣብቋልና አይፈታም።

አዲስ ክር ስትገዢ፣ ከታይዋን ገበያም ይሁን ከቀፊራ፣ የሚበቃሽን በአንድ ጊዜ ግዢና በየወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተቀለመውን ክር የሚለየው ቁጥር፣ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጪ። ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊዎች ደረት ላይ ሲገናኙ ለየቅል ናቸው።

ደግሞ እባክሽ ሹራቡን ከመጀመርሽ በፊት በዚያው ክርና መርፌ ትንሽ ቁራጭ ሙከራ ሥሪ። በደብዳቤሽ ላይ «ሙከራ መሥራት ይሰለቸኛል» ብለሽ አልፈሽዋል። ስሌቱን ላሳይሽ። ንድፉ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት 20 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚቆጠረው የክር ዙር) ይላል እንበል፤ አንቺ ግን እጅሽ ጠበቅ ስለሚል 22 ይወጣሻል። ሁለት ቀለበት ምን አላት ትያለሽ። ደረቱ ዙሪያውን 200 ቀለበት ከሆነ ንድፉ 100 ሳንቲ ሜትር ሲያወጣ ያንቺ 91 ገደማ ይሆናል። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ማለት ልብሱ ለአባት ታስቦ ለልጅ መድረሱ ነው። ሙከራውን ሠርተሽ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ለኪ፤ ክር ከታጠበ በኋላ ነው እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው። የሰውየውን ልክ ለማግኘት ደግሞ ሜትር ይዘሽ አታሳድጂው፤ የሚወደውን አሮጌ ሹራብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ለኪ።

ስትሰጪም ከልብሱ ጋር በእጅሽ የጻፍሽባት ትንሽ ወረቀት አድርጊበት። ሱፍ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይፈተግ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ በረኪና ጨርሶ አይንካው፣ ይበላዋል። አክሬሊክ ከሆነ ካውያ አይረፍበት፤ አንዴ ከተተኮሰ ልፍስፍስ ይላል፣ አይመለስም። ይህን ሳትጽፊ የሰጠሽው ልብስ ሦስተኛው እጥበት ላይ ቢበላሽ ያጠበችውን ሴት አትውቀሺ።

ወደ ቁልቢ እንምጣ። አሁን መስከረም ነው፣ ታኅሣሥ 19 ሦስት ወር ገደማ ቀርቶታል። አራት ሹራብ አይደርስልሽም፣ ባይደርስም ደግ ነው። ለአንድ ሹራብ 500 ግራምና ከዚያ በላይ ክር ይሄዳል፤ ለአንድ የትልቅ ሰው ኮፍያ ግን ከ50 እስከ 100 ግራም። አራት ኮፍያ ሥሪ። የአዲስ አበባ ሰው «ወደ ድሬ ነው የምሄደው» ብሎ ቀጭን ሸሚዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌሊቱን ቁልቢ ደጋ ላይ ሲያድር ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ለዚያች ሌሊት ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ ምን ማለት እንደሆነ ያደረ ያውቀዋል። የትልቅ ሰው ራስ ከ54 እስከ 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮፍያውን ከዚያ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አጥብበሽ ሥሪው፣ ጠርዙን የፊትና የጀርባ ቀለበት እያፈራረቅሽ፤ ተለጥጦ ይይዛል። የማንን ራስ ለካሁ ብለሽ አትጨነቂ፣ ኮፍያ ከሹራብ ይልቅ ይቅር ባይ ነው። የምትሰጫቸው ግን እንደመጡ አይደለም፤ ድሬ ላይ በሙቀቱ ኮፍያ ብታሳዪያቸው ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። ወደ ቁልቢ ልትወጡ መኪና ውስጥ ስትገቡ አድያቸው።

የቀረው የልጅሽ ጉዳይ ነው። አስተምሪው። አማትሽን በክርክር አትጋፈጫቸው፤ የለበሱትን ነጠላ ማን ሸመነው ብለሽ በጨዋታ ጠይቂያቸው። ሴቶቻችን ፈትለዋል፣ ሸማኔዎቻችን ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሐረር ሲሄዱ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ውሰጃቸው፤ ከስፌት መኪናው ኋላ የተደረደሩት ወንዶች ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በክርና በመርፌ ነው። ለልጁ ቀጭን መርፌና ጥቁር ክር አትስጪው፤ ቀለበቱን ማየት ስለማይችል በሁለት ቀን ይተወዋል። ፈካ ያለ ወፍራም ክርና 6 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ሃያ ቀለበት ብቻ ጀምሪለት፣ የፊት ቀለበት ብቻ እየሠራ ይሂድ። አንዱ ቀለበት ከመርፌው ወድቆ ወደ ታች መተርተር ሲጀምር እጁ ላይ አትንጠቂው። ኪሮሽ ስጪውና ከሥር እየለቀመ እንዴት ወደ ላይ እንደሚመልሰው አንድ ጊዜ አሳዪው፣ ሁለተኛውን እሱ ይሞክር።